ደመናው የጋራችን ነው፦ «ከበረዶ ለመዳን ፈቃድ አያስፈልግም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ገበሬውን ከበረዶ ለማዳን ፈቃድ አያስፈልግም» የሚል ጽሑፍ በፌስቡክና በቴሌግራም በሰፊው እየተዘዋወረ ነው። ከደብረ ብርሃንም ከእነዋሪም ወዳጆቼ ልከውልኛል። አንዳንዶቹ «መፍትሔው ይኸውላችሁ!» ብለው ጽፈውበታል። ጽሑፉ ከልብ የተጻፈ ነው። የጸሐፊው ቁጭት የእኔም ቁጭት ነው። በዋናው ሐሳባቸው ግን አልስማማም። እንዲያውም ምክራቸው እንዳለ ቢተገበር፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ሊያድኑት የተነሡት ገበሬ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። በሰሜን ሸዋ ደጋ በረዶ በየክረምቱ የሰው ልፋት መና ያስቀራል፤ በረዶን የሚያስቆም ቴክኖሎጂ ግን በውጭ አገር ከተረጋገጠ ቆይቷል ይላሉ። የበረዶ መድፍ አለ፣ ሮኬት አለ፣ ደመና ላይ የሚረጭ ሲልቨር አዮዳይድ የሚባል ኬሚካል አለ። ፈቃድና ደንብ ማለት ቢሮክራሲ ነው፤ ወረቀቱ እስኪፈረም በረዶው ወርዶ ያልቃል። ገበሬው ከማሳው በላይ ያለውን ደመና ቢመታ ጎረቤት አያገባውም፤ «ዝናባችንን አባረሩብን» የሚለው አቤቱታም ተረት ነው። ኬሚካሉ ጉዳት የለውም። ወጪው ከሚጠፋው እህል ያንሳል፤ ስለዚህ የገበሬ ዩኒየኖች መሣሪያውን ገዝተው በመጪው ክረምት ይጀምሩ። ጽሑፉ ባጭሩ ይኸው ነው።

በረዶው ከባድ ችግር ነው በሚለው አንከራከርም። መስከረም ላይ በረዶ የመታው የስንዴ ማሳ ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው አይረሳውም። አገዳው ከመሃሉ ተሰብሮ ይተኛል። ቅጠሉ ተተልትሎ ክር ይሆናል። ዛላው ጭቃ ውስጥ ይነከራል። ባቄላ ከሆነ አበባውና ለጋ እሸቱ ረግፎ ግንዱ ብቻ ይቀራል። በረዶው ሐምሌ ላይ ቢመጣ ገበሬው መልሶ አርሶ ሽምብራ ወይም ጓያ ሊሞክር ይችላል። እሸት ላይ ከመጣ ግን የዓመቱ ነገር አበቃ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ያለው ማሳ ምንም ሳይነካው መቆሙ ነው። በረዶ ብዙ ጊዜ በጠባብ መስመር ነው የሚሄደው። አንዱን ባዶ እጁን አስቀርቶ ሌላውን ይምረዋል።

ስለዚህ ችግሩ አለ። ጥያቄው መድኃኒት ነው የተባለው ነገር በእርግጥ መድኃኒት ነው ወይ ነው።

ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ቀላቅለው «ተረጋግጧል» ብለዋል። መድፉና ደመና ላይ የሚረጨው ኬሚካል አንድ አይደሉም። ለየብቻ እንያቸው።

የበረዶ መድፍ አዲስ ነገር አይደለም። አልበርት ሽቲገር የሚባል የወይን አምራች እ.ኤ.አ. በ1896 ዛሬ ስሎቬንያ በምትባለው፣ ያኔ በኦስትሪያ ሥር በነበረችው አገር፣ አፉ ወደ ሰማይ የሰፋ መድፍ ተክሎ ደመና ላይ መተኮስ ጀመረ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣሊያን ውስጥ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ መድፎች ተተከሉ። የኦስትሪያና የጣሊያን መንግሥታት ነገሩን ለማጣራት ወሰኑ። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 መድፍ በብዛት በተተከለባቸው የሙከራ ቦታዎች ውጤቱን ተከታተሉ። መድፎቹ እየተተኮሱ በረዶው ወረደ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ራሱ መድፎቹን ተዋቸው። ዛሬ የሚሸጡት መድፎች በአሲታይሊን ጋዝ የሚፈነዱ ናቸው እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፤ የድምፅ ሞገድ በረዶን ይሰብራል ወይም እንዳይሠራ ይከለክላል የሚል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ለዚህ ሐሳብ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው በግልጽ ተናግሯል።

ለነገሩ ይህን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። በረዶ የሚጥለው ደመና ነጎድጓድ ያለው ደመና ነው። መብረቁ እዚያው ደመናው ውስጥ ይጮሃል፤ ከመሬት ከሚተኮስ ከማንኛውም መድፍ በላይ ይጮሃል። ድምፅ በረዶን የሚሰብር ቢሆን ኖሮ ነጎድጓድ ባለበት ደመና በረዶ ባልነበረ።

ታዲያ መድፍ የገዙት ለምን «ሠርቶልናል» ይላሉ? ውሸታም ስለሆኑ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደመና የማይጠቁርበት ቀን ስንት ነው? ከነዚያ ጥቁር ደመናዎች ውስጥ አብዛኞቹ በረዶ አይጥሉም። በጠቆረ ቁጥር የሚተኩስ ሰው ብዙውን ጊዜ በረዶ አይመጣበትም፤ ሳይተኩስም አይመጣበትም ነበር። በረዶው የመጣ ዕለት ደግሞ ሻጩ «ዘግይታችሁ ተኮሳችሁ» ይለዋል። በዚህ መንገድ መሣሪያው መቼም አይሸነፍም።

ሲልቨር አዮዳይዱ ከዚህ ይለያል። እዚህ ላይ ጸሐፊው የተወሰነ እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 ቪንሰንት ሼፈርና በርናርድ ቮኔገት የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከባድ ግኝት አደረጉ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ገና ያልረጋ የደመና ውኃ በደረቅ በረዶ (በረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ወይም በሲልቨር አዮዳይድ ብናኝ አማካይነት ወደ በረዶነት ሊለወጥ እንደሚችል አሳዩ። የሲልቨር አዮዳይድ ቅንጣት አሠራሩ የበረዶን ቅንጣት ስለሚመስል ውኃው ይረጋበታል። የበረዶ መከላከል ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ደመናው ውስጥ ብዙ ትናንሽ ቅንጣቶች ከተጨመሩ ያለውን ውኃ ይሻሙታል። አንዱም አይተልቅም። ትንንሾቹ ወደ ታች ሲወርዱ በመንገድ ቀልጠው ዝናብ ይሆናሉ።

«በመንገድ ቀልጠው» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ለእኛ አገር ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ ግን አንድም ቦታ አላነሣውም።

በእኛ ቀጣና የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው በግምት ከባሕር ጠለል 4,500 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። መንዝ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ የገብስ ማሳ ሞልቷል። ስለዚህ በረዶው መቅለጥ ከሚጀምርበት ከፍታ እስከ መሬት ያለው መንገድ አጭር ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ሲደርስ የሚቀልጠው በረዶ መንዝ ውስጥ ባለችው በመሐል ሜዳ ከተማ ላይ በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ደጋው በረዶ የሚበዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በቆላማ አገር በረዶን ማሳነስ ማቅለጥ ሊሆን ይችላል። በደጋ ግን ማሳነስ ማለት ትንንሽ በረዶ በብዛት ማውረድ ሊሆን ይችላል። እሸት ላይ ያለ ስንዴ ደግሞ ለመሰበር የእንቁላል የሚያህል በረዶ አያስፈልገውም። የሽምብራ ፍሬ የሚያህለው ይበቃዋል። ሌላ አገር የተሞከረ ነገር እዚህ ሳይሞከር «ይሠራል» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ሌላ አገርስ ምን ተገኘ? የተደባለቀ ነው። ሶቪየቶች በሮኬት ደመና ውስጥ ኬሚካል እየበተኑ ትልቅ ውጤት አገኘን ብለው ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1981 ይኸው ዘዴ በጥንቃቄ ተፈተነ። መቼ እንደሚረጭና መቼ እንደማይረጭ በዕጣ እየተለየ ነበር የተሠራው። በሁለቱ መካከል ልዩነት ነው የሚባል ነገር አልተገኘም። በሌላ በኩል በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ የሰብል መድን መዝገቦችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ደመና የሚረጭባቸው አካባቢዎች የበረዶ ጉዳታቸው በ45 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን ገምቷል። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ለጸሐፊው የሚጠቅም ማስረጃ ነው። ግን በዕጣ የተለየ ሙከራ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ያንን ንጽጽር ለመሥራት የተቻለው የት፣ መቼ፣ ምን እንደተረጨ የሚያሳይ መዝገብ ስላለ ነው። ያ መዝገብ የደንብ ውጤት ነው።

ጽሑፉ በ2013 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ይፋ የሆነውን ዝናብ የማዝነብ ቴክኖሎጂም እንደ ማስረጃ ጠቅሷል። ያ ዝናብ ለመጨመር የታሰበ ነው። በረዶ መቀነስ ሌላ ሥራ ነው፤ የሚፈልገው ደመናም፣ ሰዓቱም፣ መለኪያውም ይለያል። በዚያ ላይ መንግሥት በሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የሚሠራው ሥራ «ማንም ተነሥቶ ይተኩስ» ለሚለው ክርክር ድጋፍ አይሆንም።

አሁን ወደ ቢሮክራሲው ልምጣ። ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ሰው እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ማዳበሪያ በጊዜው ሳይደርስለት የቀረ ገበሬ ይህን ሲሰማ ልቡ ቢሸሽ አልፈርድበትም። ግን ጸሐፊው ፈቃዱን በየደመናው የሚጠየቅ አስመስለው ነው ያቀረቡት። እንደዚያ የሚሠራ አገር አላውቅም። ፈቃድ የሚሰጠው ለወቅቱ ነው። ሰኔ ሳይገባ ይሰጣል፣ ክረምቱን ሙሉ ያገለግላል። ደመናው ሲመጣ ማንም ፊርማ አይጠብቅም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣችው የፌዴራል ሕግ የአየር ሁኔታን ለመለወጥ የሚሠራ ማንኛውም አካል ሥራውን ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ደግሞ ለድርጅቱም ለሥራውም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በፕሮግራሙ ለመግባትም ለመውጣትም የሚወስኑት አካባቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። አሜሪካም ብትሆን ያለ ደንብ አልሠራችም።

እኔ የምለው ደንብም የተንዛዛ አይደለም። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ አስተያየት ያለበት የወቅት ፈቃድ ይሁን። ለአጎራባች ቀበሌዎች ቀደም ብሎ ይነገር። እያንዳንዱ ርጭት በቀን፣ በሰዓት፣ በቦታና በመጠን ይመዝገብ። ውጤቱን የሚለካው ከሻጩም ከገዢውም ውጪ የሆነ ሰው ይሁን።

መለካት ሲባል ብዙ ሰው ራዳርና ሳተላይት ይመስለዋል። ራዳር ቢኖር ጥሩ ነው። ግን ፈረንሳይ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ በጣም ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ቁራጭ ጠፍጣፋ ፎም ትወስዳለህ። ምግብ በሚጠቀለልበት ፎይል ትሸፍነዋለህ። ሜዳ ላይ እንጨት ላይ ታስረዋለህ። በረዶ ሲወርድ ፎይሉ ላይ ጉድጓድ ይተዋል። የጉድጓዱ ስፋት የበረዶውን መጠን ይነግርሃል፤ ብዛቱ ደግሞ ስንት እንደወረደ። የልማት ሠራተኛው ከበረዶው በኋላ ሄዶ አንስቶ፣ ቀኑን ጽፎበት፣ አዲስ ይተካል። በየቀበሌው ትምህርት ቤት አንድ አንድ ቢተከል እንኳ በጥቂት ክረምት ውስጥ በረዶ የት እንደሚበዛ፣ በየትኛው ወር እንደሚከፋ ካርታ ይኖረናል። ያ ካርታ ከሌለ ማንም ቢሆን «በረዶ ቀንሷል» ሲል ከምን ቀንሷል?

ደንቡ መጀመሪያ የሚጠብቀው ገበሬውን ነው ያልኩት ለዚህ ነው። መዝገብና መለኪያ ከሌለ ገበሬው ለሠራ ነገር ይክፈል ወይስ ላልሠራ፣ ዕድሜውን ሙሉ አያውቅም።

ጎረቤት አያገባውም የሚለው ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው።

ደመና ቆሞ አይጠብቅም። ጣርማበር ጫፍ ላይ የተነሣ ደመና ሳይቆይ ሌላ ወረዳ ላይ ነው። የተረጨ ኬሚካል ደግሞ ሥራውን ለመሥራት ደቂቃዎች ይፈልጋል። ስለዚህ በእኔ ማሳ ላይ የረጨሁት ነገር ውጤት ካለው፣ ውጤቱ የሚታየው በእኔ ማሳ ላይ ሳይሆን ደመናው በሄደበት ነው። የምረጨው እኔ፣ የሚቀበለው ሌላ ሰው። ታዲያ እንዴት አያገባውም?

በሸዋ ገጠር ያደገ ሰው አንድ የቆየ ደንብ ያውቃል። በዓል ሽሮ ያረሰ ወይም ያጨደ ሰው በቀዬው ይወቀሳል፤ ከባሰም ይቀጣል። «በረዶ ታመጣብናለህ» ይባላል። ይህ ሳይንስ ነው እያልኩ አይደለም። የማነሣው የደንቡን ጭብጥ ነው። አያቶቻችን ከሰማይ የሚመጣ ነገር የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም ብለው ያምኑ ነበር። አንድ ሰው በሚሠራው ሥራ ሁሉም ማሳ ላይ በረዶ ሊወርድ ይችላል ካሉ፣ ሁሉም ይጠይቀዋል። «በማሳዬ ላይ የፈለግሁትን ባደርግ ማን ይናገረኛል» የሚለው አስተሳሰብ ለእኛ ገበሬ እንግዳ ነው። ጸሐፊው ዘመናዊ አድርገው ያቀረቡት ሐሳብ ገበሬው ራሱ ሲኖርበት ከኖረው ደንብ ያነሰ ነው።

«ዝናባችንን አባረሩ» የሚለውን አቤቱታ ተረት ነው ብለው አልፈውታል። እዚህም ላይ ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። መድፍ በረዶን ካላስቆመ ዝናብንም አያባርርም። ሁለቱን አንድ ላይ ማመን አይቻልም። ግን ጠብ የሚነሣው በተረጋገጠ ነገር ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። የቮልስዋገን ፋብሪካ ሜዳ ላይ የቆሙ አዳዲስ መኪኖቹን ከበረዶ ለመጠበቅ መድፍ ተከለ። የአካባቢው ገበሬዎች ዝናብ ጠፋብን፣ ሰብላችን ደረቀ ብለው ተነሡ፤ ካሳም ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያው መድፎቹ በራሳቸው እየተኮሱ እንዳይቀጥሉ ወስኖ መኪኖቹን በመረብ ወደ መሸፈን ዞረ። መድፉ ዝናብ ማባረሩን ማንም አላረጋገጠም። ጠቡ ግን እውነተኛ ነበር።

ያንን ወደ እኛ አምጡት። አንዱ ቀበሌ መድፍ ይተክላል። በዚያው ክረምት ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ይወጣል፤ በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ነው። የጎረቤት ቀበሌ ጤፍ ይጠወልጋል። ማን ማንን ያሳምናል? መዝገብ የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ቀድሞ የተመካከረ ሰው የለ። በግጦሽና በውኃ ስንት ጊዜ የተጣላ ሕዝብ መካከል ሰማዩን የጠብ ምክንያት አድርጎ መጨመር ምን ይጠቅማል?

ሌላም አለ። መድፍም ሮኬትም ይፈነዳል። በዚህ ዘመን፣ በእኛ አካባቢ፣ ድንገት የፍንዳታ ድምፅ መስማት ለእናቶችና ለሕፃናት ምን ማለት እንደሆነ ዘርዝሬ አልጽፍም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰማዩ ላይ ደግሞ አውሮፕላን ያልፋል። ወደ ሰማይ የሚተኮስ ነገር የጸጥታና የአቪዬሽን አካላት ሳያውቁት ይተኮስ ማለት እንኳን በረዶ ሊያስቆም፣ ሰው ያስፈጃል። ጸሐፊው ይህን ሳያስቡት የቀሩ ይመስለኛል፤ ክፉ አስበው ነው አልልም።

ስለ ኬሚካሉ ብዙ አልከራከርም። ሲልቨር አዮዳይድ በውኃ የመሟሟት ነገሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚረጨው መጠንም ትንሽ ነው። እስካሁን የተደረጉ ክትትሎች በአፈርና በውኃ ላይ አሳሳቢ ጉዳት አላሳዩም። «መርዝ ሊያዘንቡብን ነው» የሚለው ፍርሃት የተጋነነ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አያያዙ ላይ ነው። ኬሚካሉ የሚቃጠለው ተቀጣጣይ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ መድፉም የሚሠራው በጋዝ ነው። ያልሠለጠነ ሰው መጋዘን ውስጥ የሚቀመጡ ነገሮች አይደሉም።

ወጪውን በተመለከተ ጸሐፊው ያነጻጸሩት የመሣሪያውን ዋጋ ከሚጠፋው እህል ጋር ነው። ይህ ሒሳብ የሚሠራው መሣሪያው እህሉን የሚያድን ከሆነ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ገና ያልተመለሰው ጥያቄ ነው። ገበሬ ምርጥ ዘር ሲገዛ ሰርተፍኬት ይጠይቃል። የተፈተሸ ነው፣ የብቅለት መጠኑ ይኼ ነው ተብሎ ይጻፍለታል። ያልተፈተሸ ዘር የሸጠ ይጠየቃል። ለዘር የጠየቅነውን ለደመና የማንጠይቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ያው ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውልስ? በረዶ ጠባብ መስመር እየመረጠ ስለሚመታ በአካባቢ ዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ የመድን ዓይነት አይደርስለትም። ሳተላይቱ «ዝናብ ደህና ነበር» ሲል የአንድ ሰው ማሳ ባዶ ነው። የሚያስፈልገው ማሳው ላይ ሄዶ ጉዳቱን የሚገምት ሰው ያለበት መድን ነው። ይህ ቀላል አይደለም፤ ገማች ይፈልጋል፣ መተማመን ይፈልጋል። ግን በረዶ ለመታው ሰው በዓመቱ መጨረሻ እጁ ላይ የሚገባ ነገር ነው። የዩኒየኖቹ ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ላይ ቢመከርበት ደስ ይለኛል። ለጓሮ አትክልትና ለፖም ደግሞ መረብ አለ፤ በረዶ እንደሚያስቆም በዓይን ይታያል፣ ማንንም አያጣላም። ለስንዴና ለገብስ ግን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም አንድ ዩኒየን «እኛ ሲልቨር አዮዳይዱን እንሞክረዋለን» ቢል አልቃወምም። በደንብ ይሞከር። ኬንያ ውስጥ የኬሪቾ ሻይ አምራቾችም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአውሮፕላን ሞክረውታል፤ እንደኛው ደጋማ አገር ነውና የእነሱን ልምድ ማየት ይጠቅማል። ግን ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ፤ የአጎራባች ቀበሌ ተወካዮችም ተጠርተው ይስሙ። ሻጩም እዚያው ፊት ለፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። ከ2,500 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ላይ የት ሠርቷል? ውጤቱን የለካው ማን ነው? ከተረጨ በኋላ በረዶው ከመታ ገንዘቡን የሚመልሰው ማን ነው? የሦስቱም መልስ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ በሻጩ ተፈርሞ እስኪቀመጥ ድረስ የአባላት ገንዘብ ከባንክ ባይወጣ ይሻላል።